ስሊቭ ወይስ ባይፓስ? ቃርም ስኳርም ላለበት ሰው የትኛው ይሻላል?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ላደርግ ነው፤ ምርጫው ስሊቭ ወይም ባይፓስ የሚባሉት ናቸው። ዕድሜዬ 36፣ ቁመቴ 1.62 ሜትር፣ ክብደቴ 108 ኪሎ ነው፤ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዛዘን) 41 ማለት ነው። ስኳር አለብኝ (የሦስት ወሩ አማካይ የስኳር ምርመራ 8.1)፣ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ቃሩ ሌሊት ከእንቅልፌ ስለሚቀሰቅሰኝ በየቀኑ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እውጣለሁ። ለጉልበቴ ደግሞ በሳምንት ሦስት አራት ቀን አይቡፕሮፌን አለ። ኢንሹራንሱ ፈቅዷል፤ ሐኪሙ ስሊቭ ይቀላል ብሎኛል፣ እኔ ግን ገና አልወሰንኩም። አጽዋማትን እጾማለሁ፣ ልጅም መውለድ እፈልጋለሁ። ቀዶ ሕክምናው በሆነ በሦስተኛው ሳምንት አዲስ አበባ ሰርግ አለብን። ምን ትላላችሁ?

የቀዶ ሕክምና ነርስ፦
እህቴ፣ ከመወሰንሽ በፊት ቃሩን አስመርምሪው። በስሊቭ ከጨጓራሽ ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ነው። ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ውስጡ ያለው ግፊት ይጨምርና አሲዱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ቃር ያልነበረበት ሰው እንኳ ሊጀምረው ይችላል። ስሊቭ ከተሠራላቸው በኋላ ወደ ባይፓስ ለመቀየር ተመልሰው የሚመጡ ብዙዎቹ በዚሁ ቃር የተነሣ ነው። የወጣው ጨጓራ ደግሞ አይመለስም።

ባይፓስ ላይ ወደ 30 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከረጢት ከትንሹ አንጀት ጋር ይገጠማል፤ የቀረው ጨጓራ ሳይወጣ ወደ ጎን ይተዋል። ቃሩ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል፣ ለስኳርም ከስሊቭ ይበረታል። በክብደት ልዩነቱ ያን ያህል አይሰፋም፦ ስሊቭ በአማካይ ከጠቅላላ ክብደት ሩብ ያህሉን፣ ባይፓስ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ያስቀንሳል።

ስለዚህ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ ጨጓራን ማየት) ይደረግልኝ በይ። የምግብ ቧንቧሽ መቁሰሉንና ሄርንያ (ጨጓራው ወደ ደረት መውጣቱ) መኖሩን ያያሉ፣ ኤች ፓይሎሪ ለሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ናሙና ይወስዳሉ። ኦሜፕራዞል ባክቴሪያውን ስለሚደብቀው ከምርመራው ሁለት ሳምንት በፊት ማቆም ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ።

ፋርማሲስት፦
በነርሷ ሐሳብ እስማማለሁ፤ አይቡፕሮፌኑ ግን ነገሩን ይለውጠዋል። ከባይፓስ በኋላ አይቡፕሮፌንም ሆነ ዳይክሎፌናክ ከረጢቱና አንጀቱ የተጋጠሙበትን ቦታ ያቆስላሉ፤ ቁስሉ ይደማል፣ ሊበሳም ይችላል። ሲጋራም እንደዚሁ ነው። ክልከላው ዕድሜ ልክ ነው። ከአሁኑ አንድ ወር ጉልበትሽን በታይሌኖል (ፓራሲታሞል) እና በፊዚዮቴራፒ ብቻ ይዘሽ ሞክሪ። ካልቻልሽ ይህን ለቀዶ ሐኪሙ በግልጽ ንገሪው፤ ምርጫውን የሚያዞር ነገር ነው።

ሜትፎርሚንሽ ቀስ ብሎ የሚሟሟው ዓይነት ከሆነ ወደ ተራው ይቀየራል። የወሊድ መከላከያ እንክብል ከባይፓስ በኋላ አያስተማምንም፤ ሉፕ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረው ይሻላል። እርግዝናውን ከ12 እስከ 18 ወር አቆዪው፤ ክብደት ሲወርድ ደግሞ መፀነስ ስለሚቀል መከላከያውን ከቀዶ ሕክምናው በፊት አዘጋጂ።

ቫይታሚን ሳይቋረጥ ይወሰዳል፦ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ብረት ከ45 እስከ 60 ሚሊግራም፣ ካልሲየም ሲትሬት በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊግራም በ500 በ500 ተከፍሎ። ብረቱንና ካልሲየሙን ቢያንስ በሁለት ሰዓት አራርቂያቸው፣ አብረው ከተወሰዱ ብረቱ በደንብ አይገባም። ትውከት ከጸናብሽ ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ቶሎ ያልቃል፣ ነርቭም አንጎልም ይጎዳል፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቲያሚን እንዲሰጡሽ ጠይቂ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
ስለ ጾሙ፦ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሻል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ ነው፣ አዲሱ ጨጓራ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት በአንድ ገበታ ከጥቂት ማንኪያ ብዙም አያልፍም። በምስርና በሽሮ ብቻ አይሞላም። የአኩሪ አተር ወይም የአተር ፕሮቲን ዱቄት ይጨመርበት፤ አንድ መስፈሪያው አብዛኛውን ጊዜ 20 ግራም አካባቢ ይሰጣል፣ ጾምም አይገድፍም። እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት ግን በመጀመሪያው ዓመት አልመክርም። በቀን 1.5 ሊትር በጉንጭ በጉንጭ ካልተጠጣ ሰውነት ይደርቃል፣ በአንድ ጊዜ መጠጣትም አይቻልሽም። ከንስሐ አባትሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሪ፤ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል።

ሁለት ሳምንት ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ሁለት ሳምንት የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ ትበያለሽ። እንጀራ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ካለፈ በኋላ ይሁን፤ መጀመሪያ ወጡን፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ቁራሽ እንጀራ በደንብ ታኝኮ። እንጀራው ከቀደመ ለፕሮቲኑ ቦታ አይቀርም። ከምግብ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትጠጪ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰርጉስ?

የቀዶ ሕክምና ነርስ፦
ወይ ቀዶ ሕክምናውን ከሰርጉ በኋላ አድርጊው፣ ወይ ሰርጉ ይቅር። እግር ላይ የሚረጋ ደም በብዛት የሚታየው በመጀመሪያው ወር ነው፣ በረራውም 13 ሰዓት ገደማ ነው። የተሰፋው ቦታ ማፍሰስም ከሆስፒታል ከወጣሽ በኋላ ሊጀምር ይችላል። የልብ ምትሽ በደቂቃ ከ120 ካለፈ፣ ካተኮሰሽ፣ ግራ ትከሻሽን ከወጋሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሆድሽን ባያምሽም እንኳ ሳታድሪ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ቢቻል ቀዶ ሕክምናው ወደተሠራበት ሆስፒታል።