ከአሮጌ ብረት የሠራሁት ባለትልቅ ጎማ ብስክሌት ሽቦ እየበጠሰ አስቸግሮኛል፤ እስከ ቅዳሜ መፍትሔ እፈልጋለሁ

ብረት ለቃሚ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የፊት ጎማው 130 ሳንቲ ሜትር፣ የኋላው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጥንቱን ዓይነት ብስክሌት ከአሮጌ ብረት እየሠራሁ ነው። ቸርኬውን (የጎማውን የዳር ክብ ብረት) ከቱቦ አጥፌ በይጄዋለሁ፤ ፔዳሉም እንደ ጥንቱ በቀጥታ ከፊት ጎማው ሞዞ (ሽቦዎቹ ከሚነሡበት የመሃል ክፍል) ጋር የተያያዘ ነው። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ስነዳው ሃያ ሜትር ያህል እንደሄድኩ ሦስት ሽቦ ተበጠሰ፤ በሌላ ተክቼ ዛሬ ስሞክረው ደግሞ አምስት ተበጠሰብኝ። ቅዳሜ ጠዋት በልጆች ትርኢት ላይ ልነዳው ቃል ገብቻለሁ። አሁን ያለው ሽቦ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። 4 ሚሊ ሜትር ባደርገው ይበቃል ወይስ ከዚያም መወፈር አለበት? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

በያጁ፦
ሽቦዎቹን ሞዞው ላይ በብየዳ ያዛቸው። ከዚያ በኋላ አይነቃነቁም።

የድሮ መንኮራኩር፦
መልስ ከመስጠቴ በፊት ይህ ጎማ ለምን ያን ያህል ትልቅ እንደሆነ መናገር ተገቢ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን የብስክሌቱ ፔዳል በሰንሰለት አማካይነት ሳይሆን በቀጥታ ጎማውን ስለሚያዞር፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ የሚጓዘው የጎማው ዙሪያ የሚያህለውን ርቀት ብቻ ነበር። የእርስዎ 130 ሳንቲ ሜትር ጎማ በአንድ ዙር 4.08 ሜትር ይሄዳል፤ በደቂቃ 60 ጊዜ ቢያዞሩት በሰዓት ወደ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳሉ ማለት ነው። ስለዚህ የበለጠ ፍጥነት የፈለገ ሁሉ ጎማውን ከማሳደግ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ወሰኑም የነጂው እግር ርዝመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በሰንሰለት የሚነዳውን ሮቨር ካወጣ በኋላ የትልቁ ጎማ አስፈላጊነት እየቀረ ሄደ።

ሁለት ጎማ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ ትክክል አይመስለኝም። ሰንሰለት ካለ ዘንድ ሰው በፔዳል በቀጥታ ከሚዞር ጎማ ጋር ለምን ይታገላል? ሁለት ተራ የብስክሌት አካል አንዱን በአንዱ ላይ ደርበህ ብትበይድና ረጅም ሰንሰለት ብትቀጥልለት ከፍታውን ታገኘዋለህ፤ ጎማዎቹም ፋብሪካ የወጠራቸው ስለሚሆኑ ሽቦ አይበጠስብህም።

ብረት ለቃሚ፦
አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ልጆቹ ማየት የሚፈልጉት ከፍታውን ሳይሆን ትልቁን ጎማ ነው፤ እኔም ሦስት ወር የደከምኩት ለእርሱ ነው። ቸርኬው ክቡን እንደጠበቀ ነው፤ የሚበጠሱት ሽቦዎቹ ብቻ ናቸው።

በያጁ፦
እንዳልኩህ ነው፤ በብየዳ ይያዙ።

ቶርኖ፦
ወንድሜ፣ ያልነገሩን ነገር አለ። ሽቦዎቹ የሚበጠሱት የት ላይ ነው? በሞዞው በኩል ነው ወይስ በቸርኬው? ከሞዞው ወደ ቸርኬው የሚሄዱት በቀጥታ ነው ወይስ እንደ ተራ ብስክሌት ጎማ እርስ በርስ ተሻግረው? ሽቦው የሚታሰርበት የሞዞው ክብ ስፋቱስ ምን ያህል ነው? ብየዳውን ግን አይሞክሩት፤ ሙቀቱ የሽቦውን ጥንካሬ ስለሚያጠፋው ከብየዳው አጠገብ ይበጠሳል።

ብረት ለቃሚ፦
የሚበጠሱት ሁሉም በሞዞው በኩል፣ መታጠፊያቸው ላይ ነው። የታሰሩት ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ነው፤ ሌላ አሠራር መኖሩን ስላላሰብኩ ነው ያልጠቀስኩት። ክቡ ስፋቱ 6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የፔዳሉ ክንድ 13 ሳንቲ ሜትር፣ የእኔ ክብደት ደግሞ 70 ኪሎ ነው።

እናት ሰፈር፦
ጥያቄውን ለልጆቼ ሳነብላቸው ትንሿ «ሰውየው ከዚያ ላይ ሆኖ ደመናውን ሊነካ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቅዳሜ እንዲሳካልዎ ሁላችንም እንመኛለን።

ቶርኖ፦
እንግዲህ ችግሩ የሽቦው ውፍረት አይደለም። በተራ ብስክሌት የፊት ጎማ ዝም ብሎ ይንከባለላል እንጂ የሚያዞረው ኃይል በሞዞው በኩል አይመጣም፤ ስለዚህ ሽቦው በቀጥታ ቢታሰርም ይችለዋል። በእርስዎ ብስክሌት ላይ ግን ሙሉ ክብደትዎን ፔዳሉ ላይ ሲያሳርፉ 70 ኪሎ በ13 ሳንቲ ሜትር ክንድ ሞዞውን ይጠመዝዘዋል፤ ያ ኃይል ከመሃል 3 ሳንቲ ሜትር ርቆ በሚገኘው የክቡ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ከ300 ኪሎ በላይ ይሆናል። ቀጥ ብሎ የታሰረ ሽቦ ሞዞው ትንሽ ዞሮ ሽቦውን እስኪያዘነብለው ድረስ ይህን ኃይል መቋቋም አይችልም። በእያንዳንዱ የፔዳል ምት ሽቦው መታጠፊያው ላይ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል፤ ወፍራም ሽቦ ደግሞ ሲታጠፍ የበለጠ ስለሚጨነቅ 4 ሚሊ ሜትር ማድረጉ ላይጠቅምዎ ይችላል።

ለማረጋገጥ ሞዞውና ቸርኬው ላይ ትይዩ የሆነ የጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ ሰው ቸርኬውን አጥብቆ ይያዝልዎና ፔዳሉን በእግርዎ ይጫኑ። ምልክቶቹ ከተለያዩ ጥፋቱ ይኸው ነው።

የድሮ መንኮራኩር፦
ይህን ችግር የጥንቶቹም አይተውታል። የጆን ኬምፕ አጎት ጄምስ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1874 ሽቦውን የሞዞውን ክብ ጠርዝ ነክቶ እንዲያልፍ አዘንብሎ የሚያስርበትን አሠራር አስመዝግቧል፤ የዛሬው ብስክሌት ሽቦ ተሻግሮ የሚታሰረው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት አርየል በተባለው ብስክሌት ላይ ሽቦዎቹ ቀጥ ያሉ ስለነበሩ፣ ሞዞውን አቋርጦ የሚያልፍ አግዳሚ ብረትና ከጫፎቹ ወደ ቸርኬው የሚሄዱ ዘንጎች ይገጠሙበት ነበር።

ብረት ለቃሚ፦
ሞከርኩት። ምልክቶቹ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ተለያዩ! ነገር ግን ሁሉንም ሽቦ ፈትቼ አዲስ ቀዳዳ ለመብሳት እስከ ቅዳሜ ጊዜ የለኝም።

ቶርኖ፦
እንግዲያው ከላይ የተጠቀሰውን አግዳሚ ይሥሩ፤ ሽቦ መፍታት አያስፈልገውም። 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ሞዞው ላይ፣ ከሹካው (ጎማውን ከግራና ቀኝ ከያዘው ብረት) እግሮች በውስጥ በኩል በቡሎን ያጥብቁ። ከሁለቱ ጫፎች ከአግዳሚው ጋር በቀጥተኛ ማዕዘን የሚወጣ ዘንግ ወደ ቸርኬው ይዘርጉና ጥርስ አውጥተው በዳዶ ይወጥሩት። ያ የ300 ኪሎ ኃይል ከመሃል 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ ለሁለት ዘንግ ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከ20 ኪሎ ያነሰ ነው። ሽቦዎቹ ከዚያ በኋላ ክብደትዎን ብቻ ይሸከማሉ። በመጨረሻም ሁሉንም በጣትዎ እየመቱ ድምፃቸውን ያመሳስሉ፤ ድምፁ የደነዘዘው የላላ ነው።

ሁለት ጎማ፦
የቶርኖ ሐሳብ አሳምኖኛል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የዚህ ብስክሌት ፍጥነት የሚቀንሰው ፔዳሉን ወደ ኋላ በመጫን ነው፤ ያን ጊዜ ሞዞው የሚጠመዘዘው በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሆነ ሁለት ዘንግ ብቻ ካለህ ይላላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት፣ በድምሩ አራት ዘንግ አድርግለት። የፊት ፍሬን ደግሞ አትግጠም፤ መቀመጫው ከፊት ጎማው መሃል ብዙም ስለማይርቅ ጎማው ድንገት ከተያዘ ነጂውን በመሪው ላይ አሻግሮ በግንባሩ ይተክለዋል። ልጆቹ ፊት ለፊትህ ሳይሆን ከጎን ይቁሙ፤ የምትነዳውም ቁልቁለት በሌለበት ሜዳ ላይ ይሁን።

በያጁ፦
አግዳሚው ላይ ብየዳ ይሻላል ወይስ ቡሎን?

ቶርኖ፦
ቡሎን፤ ከሥሩም ዳዶው እንዳይላላ የሚይዝ ሮንዴላ ያድርጉ። ሽቦዎቹ ሳይፈቱ አጠገባቸው ብየዳ አይደረግም። ብረት ለቃሚ፣ ከሹካው እስከ ሽቦዎቹ ያለው ክፍተት ምን ያህል ነው? ከ15 ሚሊ ሜትር ካነሰ ጎማው ሲዞር የቡሎኑ ራስ ሹካውን ሊመታ ስለሚችል አግዳሚውን ከመቁረጥዎ በፊት ልኩን ይንገሩኝ።