በወር 20 በመቶ ትርፍ፣ ላስገባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂ፣ ደሴ፦ ሰላም ወገን። ፒያሳ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ 50 ሺህ ብር ቆጥቤያለሁ። ጓደኛዬ በስልክ የሚሠራ ፎሬክስ (የውጭ አገር ገንዘብ መግዛትና መሸጥ) ላይ አስገባውና በወር 20 በመቶ ታገኛለህ እያለኝ ነው፤ ለእሱ ሁለት ወር ሲከፈለው በዓይኔ አይቻለሁ። ምን ትላላችሁ?

ከኮምቦልቻ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ግን ቆይ። በወር 20 በመቶ፣ ትርፉም እየተደመረ ከሄደ፣ 50 ሺህህ በዓመት ወደ 446 ሺህ ይጠጋል። የትኛው ንግድ ነው ይህን የሚሰጥ? ለጓደኛህ የተከፈለው ከኋላው የገቡት ሰዎች ብር ሊሆን ይችላል። ፖንዚ የሚባለው ሰውዬ በ1920 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ በ45 ቀን 50 በመቶ እያለ የቀደሙትን በአዲሶቹ ገንዘብ ይከፍል ነበር።

የሐይቅ ልጅ፦ የእኔ የበሬ መሸጫ ብር እንዲሁ ነው የሄደው። መጀመሪያ ትንሽ ከፈሉኝ፣ አምኜ ጨመርኩ፣ ከዚያ ስልካቸው ጠፋ። እስካሁን ያንገበግበኛል። እውነተኛ ፎሬክስም ቢሆን 1 ለ100 በሆነ ሌቨሬጅ (በ1 ብር መያዣ የ100 ብር በሚያስነግድ ብድር) ከነገድክ፣ ዋጋው 1 በመቶ ሲዞርብህ ያስያዝከው ብር አለቀ። ብርህን የሚቀበሉት ሰዎች ፈቃድ እንዳላቸው አጣራ።

ጠያቂ፦ የሱቅ ኪራዩን ጭምር ላስገባ ነበር እኮ! ነገ ወረቀታቸውን እጠይቃለሁ፣ ጓደኛዬንም እነግረዋለሁ።