ፔሌት ግሪሌ አልቀጣጠል አለኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖቼ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። በእንጨት ፔሌት (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ትንንሽ ማገዶ) የሚሠራው ግሪሌ (የሥጋ መጥበሻዬ) ከቅዳሜ ጀምሮ አልነድ ብሎኛል። ማራገቢያው ይዞራል፣ ፔሌቱም እሳቱ የሚነድባት ትንሿ ድስት ውስጥ ይወርዳል፤ ግን 15 ደቂቃ ሙሉ ነጭ ጭስ ብቻ! የመጀመሪያው ቀን ድስቷን ባዶ ሳላደርግ እንደገና አስነሳሁት፤ የተከማቸው ፔሌት ባንድ ጊዜ ተያይዞ ክዳኑን በኃይል አነሳው። ልጆቼ አጠገቤ ነበሩ፤ እስካሁን ድንጋጤው አለቀቀኝም።

ትናንት ከሶኬት ነቅዬ፣ ሲቀዘቅዝ ድስቷን ገልብጬ፣ አመዱን ጠርጌ፣ ደረቅ ፔሌት ጨምሬ፣ ክዳኑን ከፍቼ ሞከርኩ። ማቀጣጠያው ዘንግ ጭራሽ አይቀላም። ዘንጉ ተቃጥሎ ነው ወይስ መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪክ አይልክለትም? በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) እንዴት ልለየው? ራሱ የቀየረ ካለ በእናታችሁ ንገሩኝ፤ የፋሲካ እንግዶች እየመጡብኝ ነው።