ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በሳይክል፦ የጣርማበርን ቁልቁለት እንዴት ልውረደው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በህዳር ከደብረ ብርሃን ተነስቼ፣ በጣርማበር አድርጌ፣ በአንድ ቀን ሸዋ ሮቢት ለመግባት አስቤያለሁ። ወደ 95 ኪሎ ሜትር ነው። ሳይክሌ ባለ 21 ማርሽ የተራራ ሳይክል ነው፤ ፍሬኑ ቸርኬውን ከግራና ቀኝ የሚይዝ ዓይነት። ዳገቱ አያሳስበኝም፤ ቁልቁለቱ እንጂ። ምን ላዘጋጅ?

ካቴና፦
ስጋትህ ልክ ነው ወንድሜ። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300። ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚሸከመው ፍሬንህ ነው። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያለው መስመር ከጠፋ የፊቱንም የኋላውንም ቀይር። ካልጠፋም የተሰካበትን አሸዋና የብረት ፍርፋሪ በመርፌ ልቀመው፤ ቸርኬ የሚበላው እሱ ነው። ሽቦው እጀታው መግቢያ ላይ አንድ ክር እንኳ ከተበጠሰ እንዳትነሳበት።

ስትወርድ ፍሬን ይዘህ አትቆይ። ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቀቅ፣ ቸርኬው ንፋስ ያግኝ። ካለማቋረጥ ከተያዘ ይግላል፤ ያኔ በማስቲሽ የተለጠፈ ከመነዳሪ ይለቅና ኩርባ ላይ ይተነፍስብሃል። ስለዚህ ሁለቱም አዲስ ይሁኑ፣ አንድ መለዋወጫም ያዝ። ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት ነው።

የደጋ ልጅ፦
እጅህንም አስብበት። የህዳር ጠዋት ደብረ ብርሃን ውርጭ ነው፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይጨብጥም። ወፍራም ጓንት አድርግ፣ ከጃኬትህ ስር ደረትህ ላይ ጋዜጣ አንጥፍ። አርማንያ ስትደርስ ሙቀቱ ራሱ ያስወልቅሃል።

ጠዋት 1 ሰዓት ተነስ፤ ጣርማበር ጉም ሲይዘው ፊትህ ያለው መኪና እንኳ አይታይም። ጣሊያን የሠራው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከፀሐይ ስትገባ ዓይንህ ለጥቂት ሰከንድ ይጨልማል፤ መነፅርህን አውልቅ፣ የፊትና የኋላ መብራት በር ላይ አብራ፣ ከኋላህ ከባድ መኪና ካለ ቆመህ አሳልፈው። ስለ መንገዱ ሰላም ደግሞ የዚያኑ ጠዋት መናኸሪያ ሹፌሮችን ጠይቅ።

ስንቅ፦ ውሃ 3 ሊትር፣ በሶ በስኳርና በቁንጥጫ ጨው። ቆሎ ደብረ ሲና ታገኛለህ። ስትመለስ ሳይክሉን ፖርቶ መጋላ ላይ ስታስጭን ማርሹ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የፊቱ ቸርኬ ጎኑ በጣት ሲዳሰስ ጎድጎድ ብሏል። ችግር አለው?

ካቴና፦
አለው። ማስመሪያ ጎኑ ላይ አስደግፍና በብርሃን እየው፤ መሐሉ ላይ ክፍተት በግልጽ ከታየ ብረቱ ሳስቷል። የጎማው አየር ወደ ውጭ ሲገፋው ይሰነጠቃል፣ ያውም ፍሬን ስትይዝ። ቸርኬውን ሳትቀይር አትሂድ።