የክልል አካባቢ ጥበቃ ኃላፊን ማን ይሹም? ማንስ ያንሳ?

ጠያቂው፦
ሐሳቤ ይህ ነው። የክልል አካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ርዕሰ መስተዳድሩ በፈለገ ጊዜ የሚያነሳው ሰው መሆኑ ይቅር። የክልሉ ምክር ቤት ለተወሰነ ዘመን ይሹመው፣ በጀቱንም ምክር ቤቱ ያጽድቅለት። ይህን ከኪሴ አላመጣሁትም። የአካባቢ ጥበቃ አካላት ማቋቋሚያ አዋጅ 295/1995 መግቢያው ላይ የሚያለማውና የሚቆጣጠረው አካል የተለያየ ይሁን፣ የጥቅም ግጭት እንዳይመጣ ይላል። አንቀጽ 15 ደግሞ ክልሎች ነጻ የአካባቢ መሥሪያ ቤት እንዲያቋቁሙ ወይም ካላቸው አንዱን እንዲሰይሙ ያዛል። ከዚያ ወዲህ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ራሱ በ2005 ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን፣ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ፤ ተጠሪነቱም ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር ተደረገ። መዋቅሩ በየጊዜው የሚፈርስበት ተቋም ማንን ደፍሮ ይቆጣጠራል? እደግፋለሁ፣ እቃወማለሁ ብቻ አትበሉ። ምክንያት ጻፉ።

የኢንዱስትሪ ሰው፦
እቃወማለሁ። ነጻ ማለት ማንም የማይጠይቀው ማለት እንዳይሆን እሰጋለሁ። ሥራ አጥ ወጣት በሞላበት ከተማ አንድ ያልተመረጠ ኃላፊ ፊርማ ይዞ ተቀምጦ ፋብሪካ ሲያቆም ሕዝቡ ማንን ይጠይቅ? ደግሞ ፖለቲካ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። የለገደንቢን ወርቅ ማዕድን አስታውሱ። በ2010 የሻኪሶና የአካባቢው ሕዝብ ልጆቻችን ታመሙ፣ ከብቶቻችን አለቁ ብሎ አደባባይ ሲወጣ ፈቃዱን ያገደው የፖለቲካ ግፊት ነው እንጂ የባለሙያ ሪፖርት አይደለም።

የሞጆ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ያነሳኸው ምሳሌ እኮ ለእኛ ነው የሚመሰክረው። ፈቃዱ ለ10 ዓመት የታደሰው ሕዝቡ ሲያለቅስ በኖረበት ጊዜ ነው። ያደሰውም ያገደውም ያው የማዕድን ሚኒስቴር ነው! የሚሰማ ነጻ መሥሪያ ቤት ቢኖር ኖሮ ሰው መንገድ እስኪዘጋ፣ ሕይወት እስኪጠፋ ድረስ ለምን ይጠበቃል? እኔ ያደግኩት ወንዝ አጠገብ ነው። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ምን እንደሚሸት በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ፤ ታች ያለው ገበሬ ያንኑ ውኃ ለከብቱም ለአትክልቱም ነው የሚጠቀመው፣ ከዚያ ወርዶ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። «ሥራ ይፈጥራል» ለሚለው መልሴ አንድ ነው። የማጣሪያ ጣቢያ መሥራትም ሥራ ይፈጥራል።

የክልል ባለሙያ፦
የየትኛው ክልል እንደሆንኩ አልናገርም። ውስጡን ግን ልንገራችሁ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ፣ ማለትም ፕሮጀክቱ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት አስቀድሞ የሚመዝነውን ጽሑፍ፣ የሚያዘጋጀውን አማካሪ የሚከፍለው ባለፕሮጀክቱ ነው። ሰነዱ እኛ ጋ ሲደርስ መሬቱ ተሰጥቷል፣ የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጧል፣ ባለሥልጣን ሪባን ቆርጧል። እኛ የምንጠየቀው «መቼ ትጨርሳላችሁ» ብቻ ነው። ናሙና ለመውሰድ መኪና የምንለምነው ራሳችን ልንቆጣጠረው ከሚገባን ቢሮ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አስተያየቱን አልቀይርም ስላለ ወደ ሌላ የሥራ ሂደት ተዛወረ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይደፍራል? ስለዚህ ለጠያቂው የምጨምረው አለ። ኃላፊውን ብቻ አትጠብቁ፣ ፊርማ የሚያኖረውን ተራ ባለሙያም ጠብቁት። ላቦራቶሪም ስጡን።

ሕግ ተማሪ፦
የፌዴራሉም ከዚህ አይሻልም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 ፈቃድ ሳይገኝ ፕሮጀክት አይጀመር ይላል። የጊቤ 3 ግድብ ግንባታ ግን በ1998 ተጀምሮ ግምገማው የጸደቀው በ2000 ነው። በኋላም ግምገማ የማጽደቅ ሥልጣን ለዘርፍ ሚኒስቴሮች በውክልና ተሰጠ፤ ማለትም ማዕድን የሚያስፋፋው የማዕድኑን ጉዳት ይገመግማል ማለት ነው፣ የ295 መግቢያ የከለከለው ደግሞ ይህንኑ ነው። ቅጣቱንም እዩት። ያለ ፈቃድ ለጀመረ የ1995ቱ አዋጅ ያስቀመጠው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ነው። ለትልቅ ድርጅት ይህ ቅጣት አይባልም።

የኢንዱስትሪ ሰው፦
በውክልናው ላይ እስማማለሁ፣ ስህተት ነበር። ግን ምክር ቤቱ ማነው? ከሞላ ጎደል የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ምክር ቤቱ ይሹመው ስትሉ ያው ርዕሰ መስተዳድሩ ነው የሚሾመው፣ እጅ ከማውጣት በቀር ምን ይቀየራል?

ጠያቂው፦
ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፣ ዘልዬው አላልፍም። ሹመቱ ብቻውን አያድንም። ለእኔ ዋናው ማንሳቱ ነው፤ ያነሳው አካል ምክንያቱን በጽሑፍ ያውጣ፣ ኃላፊውም በፍርድ ቤት መከራከር ይችል። ሁለተኛ፣ የግምገማ ሰነድና የፍሳሽ ምርመራ ውጤት ለሕዝብ ይለጠፍ። ምክር ቤቱ ዝም ቢል እንኳ ገበሬው ያነበዋል፣ ጋዜጠኛው ያነበዋል።

ሕግ ተማሪ፦
እስከዚያ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ጉዳት ደርሶብኛል ማለት ሳያስፈልገው፣ ብክለት ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። በ30 ቀን መልስ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ከዚህ በፊት አንድ የሲቪል ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ራሱን ከሶ ነበር፣ ክሱ ውድቅ ተደረገ። ቢሆንም መንገዱ አልተዘጋም። የሞጆ ልጅ፣ ፎቶና ቀን ያለው ማስረጃ ካለህ አቤቱታውን እኔ እጽፈዋለሁ።

የሞጆ ልጅ፦
አለኝ። ፍሳሹ የሚለቀቀው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፣ ቪዲዮም አለኝ። ከታች ያሉት አባቶችም ይፈርማሉ። ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ።