ለኤሌክትሮኒክ ድራም የቱ አምፕ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከኪቦርድና ከቤዝ ጋር እንለማመዳለን። ኤሌክትሮኒክ ድራሙን የሰካነው የጊታር አምፕ ላይ ነው፤ ሲምባሉ ይታፈናል፣ ኪኩም (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) "ቧ" ይላል እንጂ አይመታም። ምን እንግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ድምፁ ቶሎ ይወርዳል፤ የሲምባሉ ጥራት ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ኪኩ እስከ 50 እና 60 ኸርዝ ስለሚወርድ ድምፁን ስትጨምሩት ኮኑን (የሚርገበገበውን የስፒከሩን ሽፋን) ሊያበላሸው ይችላል። የሚሻላችሁ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) ያለው፣ ባለ 12 ኢንች፣ አምፕሊፋየሩ ውስጡ የተገጠመለት ስፒከር ነው። ለልምምድ ባለ 10ም ይበቃል፤ ለሰርግ ግን አይሞከርም። ካርቶኑ ላይ በተጻፈው "2000 ዋት" አትሸወዱ፣ አርኤምኤሱን (ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ትክክለኛ ኃይል) ጠይቁ።

መልስ፦ ስፒከሩ አንድ ብቻ ከሆነ ከሞጁሉ (የድራሙን ድምፅ ከሚያመነጨው ሳጥን) "ኤል/ሞኖ" ከሚለው ቀዳዳ አውጡ። "አር" (ቀኝ) ላይ ብቻ ከሰካችሁ ወደ ግራ የተመደቡት ቶሞች ይደክማሉ ወይም ይጠፋሉ። የስፒከሩን መምረጫ "ላይን" ላይ አድርጉት፤ "ማይክ" ላይ ከሆነ ስኔሩ ተሰነጣጥቆ ነው የሚወጣው። ሞጁሉን ቀድማችሁ፣ ስፒከሩን መጨረሻ አብሩ፤ ስታጠፉ ተቃራኒው።

መልስ፦ "እምምም" የሚል ድምፅ ካለ ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ሰኩ። ካልጠፋ በሞጁሉና በስፒከሩ መካከል ግራውንድ ሊፍት (የድምፅ ገመዱን ግራውንድ ብቻ የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) ያለው ዲአይ ቦክስ፣ ማለትም የድምፅ ማገናኛ ሳጥን፣ አስገቡ። የመብራቱን የኧርዝ ሽቦ ቁረጡ የሚላችሁን ግን አትስሙ፣ ሰው ይገድላል! መብራት ከሄደ ደግሞ ስፒከሩን ወዲያው ንቀሉት፤ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል።