ለማዕከሉ የምናስገባው የኤግዚቢሽን ሐሳብ፦ ያልሮጥንባቸው ዓመታት

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐሳባችን እስከ ዓርብ መግባት አለበት። «ስፖርትና ፖለቲካ» በጣም ሰፊ ነው፤ በርሊን 1936 ብለን ከጀመርን አናልቅም። ከየት እንነሳ? (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን እንጻፍ፣ እንዳይምታታ።)

አንጋፋ አባል፦ ከካርቱም፣ 1957። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ። እኛ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ነበርን። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልክም አለች፤ ተባረረች። በግማሽ ፍጻሜ የደረሰችን እሷ ነበረች። አንድም ኳስ ሳንመታ ፍጻሜ ገባን። ግብፅ 4 ለ 0 ሸኘችን።

ወጣት አባል፦ ቆይ ጋሼ፣ አንድ ጨዋታ ተጫውተን፣ እሱንም ተሸንፈን ሁለተኛ ወጣን? ይሄማ መግባት አለበት!

አንጋፋ አባል፦ ሳቅ ልጄ። ግን ይድነቃቸው ተሰማም በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ሆነው እስኪሞቱ ድረስ አፓርታይድን ታግለዋል። እሱም ይጻፍ።

ፀሐፊ፦ እኔ ደግሞ ሦስት ባዶ ፍሬም ግድግዳው ላይ እንስቀል እላለሁ። ኢትዮጵያ ከኦሎምፒክ የቀረችባቸው ዓመታት፦ 1976፣ 1984፣ 1988። ከሥራቸው ማን እንደቀረ ይጻፍ። ለምሳሌ በላይነህ ዲንሳሞ፦ ሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ሴኡል ኦሎምፒክ አልሄድንም። ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ቆየ፤ ኦሎምፒኩ ግን አመለጠው።

አንጋፋ አባል፦ ጥሩ ነው፤ ግን ሦስቱን አንድ ላይ አትጨፍልቁ። 1976 ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ከሶዌቶ ጭፍጨፋ ማግሥት ደቡብ አፍሪካ ልካ አጫወተች። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ራግቢ የኦሎምፒክ ስፖርት አይደለም ብሎ አላግዳትም አለ። ከ20 በላይ አገሮች ከሞንትሪያል ቀሩ። ያ የእኛው የአፍሪካውያን ጉዳይ ነው። 1984 ግን ሶቪየት ኅብረት ከሎስ አንጀለስ ቀረች፣ ደርግም ተከትሎ ቀረ። በቃ።

ወጣት አባል፦ ሞንትሪያል ላይ 1500 ሜትሩን ማን እንዳሸነፈ ታውቃላችሁ? ኒውዚላንዳዊው ጆን ዎከር! የርቀቱ የክብረ ወሰን ባለቤት ታንዛኒያዊው ፊልበርት ባዪ አልነበረማ። ምሩፅ ይፍጠርም ሁለቱን ወርቅ ለማግኘት እስከ 1980 ጠበቀ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፍሬም ባዶም ቢሆን ዋጋው ያው ነው፤ እሱን አስቡ። ሌላው፣ ፈይሳ ሌሊሳን ልታስገቡ ነው? ሪዮ 2016 ማራቶኑን እጁን አጣምሮ የገባበትን? ተመልካቹን ይከፋፍልብናል።

ፀሐፊ፦ ይግባ እንጂ! በሦስቱ ፍሬሞች ሯጩን ያስቀረው መንግሥት ነው። ፈይሳ ግን የኦሮሞን ተቃውሞ ለማሳየት ራሱ ወሰነ፣ የብር ሜዳሊያውንም ይዞ ወጣ። እሱ ከሌለ የባዶው ፍሬም ትርጉም ግማሹ ይጠፋል።

ገንዘብ ያዥ፦ እሺ። ግን ከሥሩ የሆነው ብቻ ይጻፍ፣ አስተያየት አይጨመር።

ሰብሳቢ፦ ተስማምተናል። ካርቱም መግቢያው ላይ፣ ሞንትሪያል ለብቻው፣ ሁለቱ የደርግ ዓመታት ጎን ለጎን፣ ሪዮ መጨረሻ። ጋሼ፣ የካርቱምን ጽሑፍ በሁለት አንቀጽ ይላኩልኝ። ፍሬም ያለው አባል ካለ ደግሞ ከመግዛታችን በፊት ይናገር።

ወጣት አባል፦ እኔ ጋ ሁለት አለ። የአንዱ መስታወት ተሰንጥቋል።